የሞራ ሳሙና በቤት ውስጥ፦ መጀመሪያ ሚዛን፣ ማሩ በኋላ

የሠራሁትን ሳሙና ለሰው ስሰጥ የሚከተለው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ምን ጨምረሽበት ነው?» ማር ነው? እሬት ነው? አጃ ነው? ያሸቱታል፣ ያገላብጡታል፣ እንደገና ይጠይቃሉ። «ስንት ግራም መዘንሽ?» ያለኝ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ሳሙናው ጥሩ የሆነው በሚዛኑ ነው። ማሩና አጃው ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ይህን የተማርኩት ከመጀመሪያው ሳሙናዬ ነው። አንድ ሰው በኩባያ የሚለካ አሠራር ነግሮኝ ነበር። ይህን ያህል ኩባያ ስብ፣ ይህን ያህል ኩባያ ኮስቲክ ሶዳ፤ ስቡን ሳሙና የሚያደርገው አቃጣይ ኬሚካል። እንደተባልኩት አደረግሁ። በማግስቱ ሳሙናው ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ። ነጭ፣ ደረቅ፣ ሲያዩት የሚያምር። ቢላዋ ሳሳርፍበት ግን እንደ ጠመኔ ተፈረካከሰ። ውስጡ እዚህም እዚያም ነጭ ዱቄት የቋጠረ ቦታ ነበረው። እኔም ባለማወቅ በፍርፋሪው እጄን ታጠብኩበት። መጀመሪያ አንሸራተተኝ፣ ቀጥሎ ማቃጠል ጀመረ። የጣቶቼ መገጣጠሚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ተሰነጣጥቆ ቆየ።

ጥፋቱ የኩባያው ነበር። ኮስቲክ ሶዳ አንዳንዱ ቅርፊት መሳይ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ደቃቅ እንክብል። አንድ ኩባያ ቅርፊትና አንድ ኩባያ እንክብል ክብደታቸው አይገናኝም። የነገረኝ ሰው አልዋሸኝም። የእሱ ኮስቲክ ሶዳና የእኔ አንድ ዓይነት አልነበሩም፣ በቃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃውን እንኳ በግራም ነው የምለካው። ስለዚህ ከምንም ነገር በፊት አንድ ግራም የሚለይ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ይኑራችሁ። ከሌላችሁ እስክታገኙ ጠብቁ። ያለ ሚዛን ሳሙና አትሥሩ።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ስብን በቅርበት ብናየው ሦስት የስብ አሲዶች ከአንድ ግሊሰሪን ጋር ተያይዘው የተሠራ ነገር ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ የፈታው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኢዩጂን ሼቭረል ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ። ኮስቲክ ሶዳ ከስቡ ጋር ሲገናኝ ያንን ማያያዣ ይበጥሰዋል። አሲዶቹ ከኮስቲክ ሶዳው ሶዲየሙን ይዘው ሳሙና ይሆናሉ። ግሊሰሪኑ ነፃ ወጥቶ እዚያው ሳሙናው ውስጥ ይቀራል። ሥራው በትክክል ካለቀ ኮስቲክ ሶዳ የሚባል ነገር አይተርፍም። ሁሉም ተበልቶ ያልቃል።

ችግሩ እያንዳንዱ ስብ የሚፈልገው መጠን የተለያየ መሆኑ ነው። 1 ግራም የበሬ ሞራ ወደ 0.140 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። የኮኮናት ዘይት 0.183 ይፈልጋል። የወይራ ዘይት 0.134፣ የጉሎ ዘይት 0.128 ገደማ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አንድ ኪሎ ላይ ግን በሞራና በኮኮናት መካከል 43 ግራም ነው። ያ 43 ግራም ቆዳ የሚያቃጥል ሳሙና ለመሥራት ከበቂ በላይ ነው። «ዘይት ዘይት ነው» ብላችሁ አንዱን በሌላው አትተኩ።

እኔ የምሠራበት መጠን ይኸውላችሁ። የነጠረ ሞራ 700 ግራም፣ የኮኮናት ዘይት 200 ግራም፣ የጉሎ ዘይት 100 ግራም። እናስላው። 700 በ0.140 ሲባዛ 98። 200 በ0.183 ሲባዛ 36.6። 100 በ0.128 ሲባዛ 12.8። ሲደመር 147.4 ግራም። ይህ ስቡን አንድም ሳያስቀር ሳሙና የሚያደርገው መጠን ነው። እኔ ግን ከዚህ ላይ 5 በመቶ እቀንሳለሁ፤ 140 ግራም ይሆናል። የተቀነሰው ለሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፣ ጥቂት ስብ ሳይለወጥ ስለሚቀር ሳሙናው ቆዳ አያደርቅም። ሁለተኛ፣ ሚዛኔ ትንሽ ቢሳሳት ወይም የስቡ ዓይነት ትንሽ ቢለይ የሚያቃጥል ነገር አይተርፍም። ውሃው የኮስቲክ ሶዳው እጥፍ ነው፤ 280 ግራም።

ሞራው ጥንካሬ ይሰጣል፣ ሳሙናው ቶሎ አያልቅም። ኮኮናቱ አረፋ ያበዛል፤ ከመጠን ካለፈ ግን ቆዳ ያደርቃል፣ ለዚህ ነው ከ200 የማላሳልፈው። ጉሎው አረፋው ቶሎ እንዳይሟሽሽ ይይዘዋል። ሞራ ብቻ ካላችሁም አትጨነቁ። 1000 ግራም ሞራ፣ 133 ግራም ኮስቲክ ሶዳ፣ 266 ግራም ውሃ። አረፋው ያነሰና ቅባት መሳይ ይሆናል እንጂ ጠንካራና ለቆዳ ለስላሳ ሳሙና ይወጣዋል።

ሞራውን ማንጠር

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ከዚያ «ሳሙናዬ ሥጋ ሥጋ ይሸታል» ይላል። ሽታው የስቡ አይደለም። ስቡ ላይ የቀረው ሥጋ፣ ደምና ስስ ሽፋን ነው የሚሸተው።

ከሁሉ የሚሻለው በኩላሊት ዙሪያ ያለው ሞራ ነው። ጠንካራና ንጹህ ነው፣ በእጅ ሲፈቱት ይፈረፈራል። ሥጋ የነካውን ጫፍ ሁሉ ቆርጬ አወጣለሁ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ ሲቀዘቅዝ ቢላዋ ላይ አይጣበቅም። በጣም ደቆ መከተፍ አለበት። ትልቅ ቁራጭ ውጪው እያረረ ውስጡ ሳይቀልጥ ይቀራል።

አንድ ኪሎ የተከተፈ ሞራ ድስት ውስጥ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው። ውሃው ስቡ እንዳያር ይጠብቀዋል፣ ቆሻሻውንም ይቀበላል። እሳቱ በጣም ዝቅ ያለ ይሁን። ድስቱ መንተክተክ የለበትም። አልፎ አልፎ አንድ አረፋ ብቅ ቢል ይበቃል። ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ትቶት መሄድ የለም። የጋለ ስብ እሳት ከያዘ ውሃ መድፋት እሳቱን ያፈነዳዋል። እሳቱን አጥፍቶ ድስቱን በክዳን መግጠም ነው መፍትሔው። ስለዚህ ክዳኑ አጠገባችሁ ይሁን።

ቁራጮቹ ቀልጠው ቡናማ ፍርፋሪ ሲቀር በንጹህ ጨርቅ አጥልሉትና ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ላይ ከላይ ነጭ ክብ ስብ ረግቶ፣ ከታች ደፍርሶ የቀረ ውሃ ታገኛላችሁ። ክቡን አንስታችሁ ገልብጡት። ከሥሩ ቡናማ ለስላሳ ዝቃጭ ተለጥፎበታል። ያንን በቢላዋ ጀርባ ፋቁት። ከዚያ በአዲስ ውሃና ጨው እንደገና። እኔ ሦስት ጊዜ አደርገዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር ውሃው የሥጋ መረቅ ይመስላል። በሦስተኛው ጠርቶ ይወጣል። ማሽተት ነው ፈተናው፤ አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ ምንም ካልሸተታችሁ ነጥሯል።

መጨረሻ ላይ ያለ ውሃ ለብቻው አቅልጡትና መንጫጫቱ እስኪያቆም በትንሽ እሳት አቆዩት። የሚንጫጫው ውስጡ የቀረ ውሃ ነው። ውሃ ያለበት ስብ ሚዛን ላይ ያሳስታል፤ 700 ግራም ስብ መዘንኩ ስትሉ ከፊሉ ውሃ ይሆናል። ቶሎም ይበላሻል። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ሞራ እኔ ብዙ ጊዜ 700 ግራም አካባቢ አገኛለሁ።

ኮስቲክ ሶዳ ሲነካ

እዚህ ላይ አላስቸኩላችሁም። ልጆችና እንስሳት ከክፍሉ ይውጡ። በር ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት። ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ የተዘጋ ጫማ። ዓይንን ዙሪያውን የሚሸፍን መከላከያ መነጽር ደግሞ የግድ ነው። ተራ የማንበቢያ መነጽር አይበቃም፤ ጠብታ በጎን ይገባል።

የምትገዙት ኮስቲክ ሶዳ ንጹህ ይሁን። የተዘጋ ቱቦ ለመክፈቻ የሚሸጡት አንዳንዶቹ የአልሙኒየም ፍርፋሪና ቀለም ተቀላቅሎባቸዋል፤ ለሳሙና አይሆኑም። ዕቃውን ከተጠቀማችሁ በኋላ ወዲያው ግጠሙት። ኮስቲክ ሶዳ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ከረጠበ ክብደቱ አይታመንም።

ዕቃን በተመለከተ፣ አልሙኒየም በፍጹም። ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየምን ይበላዋል፣ ሲበላውም ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። አንዴ እህቴ ልታግዘኝ ብላ ከመሳቢያ ያገኘችውን ማንኪያ የኮስቲክ ሶዳና የውሃ ብጥብጡ ውስጥ ከተተችው። ወዲያው እንደ ለስላሳ መጠጥ ሺሺሺ ማለት ጀመረ፣ ማንኪያውም ጠቆረ። ብጥብጡን ሁሉ ደፋነው። ስቴንለስ ስቲል ድስት፣ ሥሩ ላይ 5 ቁጥር ያለበት ወፍራም ፕላስቲክ ጆግ፣ የሲሊኮን ማማሰያ። እነዚህ ይበቃሉ። ብርጭቆ አልመክርም። በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጠቃል፣ ከጊዜ በኋላም ኮስቲክ ሶዳው ውስጡን ይበላዋል። እነዚህ ዕቃዎች ተመልሰው ለምግብ አይግቡ።

አሁን ዋናው ሕግ። ኮስቲክ ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ። ውሃውን ወደ ኮስቲክ ሶዳው አትድፉ። ውሃ ከላይ ከተደፋበት በአንዴ ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። እኔ ጆጉን 280 ግራም ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ መስኮት ሥር አስቀምጠዋለሁ። የተጣራ ውሃ፣ ዲስቲልድ የሚባለው፣ ካለ ይመረጣል። በውሃ ውስጥ ያለ ብረት ሳሙናን ያበላሻል። 140 ግራሙን ቀስ በቀስ እየነሰነስኩ አማስላለሁ። ፊቴን ከጆጉ በላይ አላደርግም። ውሃው ይደፈርሳል፣ ይሞቃል፣ ወደ 80 እና 90 ዲግሪ ይጠጋል። የሚወጣው እንፋሎት ጉሮሮ ይከረክማል፤ ዞር ብሎ መተንፈስ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደ መስታወት ይጠራል።

ቆዳ ላይ ቢፈስስ? ልብሱን አውልቃችሁ ብዙ የሚፈስ ውሃ፣ ቢያንስ ለ15 እና 20 ደቂቃ። «ኮምጣጤ ቀቡት» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ቆዳ ላይ አትቀቡ። የሚጠቅመው ውሃ ነው። ኮምጣጤ ጠረጴዛ ለመጥረግ ይሁናችሁ። ዓይን ከነካ ደግሞ እያጠባችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም።

መቀላቀል

ስቦቹን መዝኜ አንድ ላይ አቀልጣለሁ። ከዚያ ሁለቱም እስኪበርዱ መጠበቅ ነው። ለሞራ 45 እና 50 ዲግሪ መካከል ይመቸኛል። ሞራ ከዚያ በታች ሲወርድ በራሱ መርጋት ይጀምራል። ስቡ ስለረጋ ብቻ የወፈረ ድብልቅ ደግሞ ሰውን ያታልላል። ሳሙና የሆነ ይመስላል፣ ግን አልሆነም። በኋላ ይለያያል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የሁለቱንም ዕቃ ጎን ከውጪ በጓንት ዳሱ፤ ሞቅ ያለ እንጂ የማያቃጥል መሆን አለበት። ቴርሞሜትር ግን ይሻላል።

ብጥብጡን በቀስታ ወደ ስቡ አፈሳለሁ። እዚህ ጋ መመልከት እወዳለሁ። የጠራው ወርቃማ ስብ ብጥብጡ የነካው ቦታ ላይ ወዲያው እንደ ወተት ይነጣል። ነጩ መስመር እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ መላው ድስት ይደፈርሳል። የእጅ ብሌንደሩን አስገብቼ መጀመሪያ ሳላበራው አማስልበታለሁ። ከሥሩ የታፈነው አየር ይውጣ። ከዚያ ለ5 ሰከንድ ማብራት፣ ማጥፋት፣ በእጅ ማማሰል። እንደገና 5 ሰከንድ። ብሌንደሩ ሁሌም ከሥር ይሁን፤ ወደ ላይ ከወጣ ይረጫል።

ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ ድብልቁ ይለወጣል። መጀመሪያ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው የዘይት ብልጭታ ይጠፋል። ቀጥሎ ማማሰያው ሲከብድ ይታወቃችኋል። ማማሰያውን አንስታችሁ ጠብታው ላዩ ላይ እንዲፈስስ አድርጉ። መስመሩ ወዲያው ካልሰመጠና ለአፍታ ተጽፎ ከቀረ ደርሷል። ሳሙና ሠሪዎች ትሬስ ይሉታል። ውፍረቱ ለመጠጣት የሚሆን እርጎ ያህል ነው። ብሌንደር ከሌላችሁ በእጅ ማማሰልም ይቻላል። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይፈጃል። ክንድ ይደክማል እንጂ ሳሙናው ያው ነው።

የምትጨምሩት ነገር ካለ ጊዜው አሁን ነው።

ምን ልጨምርበት?

ሐሳቤን ልናገር። ሳሙና ቆዳ ላይ የሚቆየው ለአንድ ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ይታጠባል። ስለዚህ «ይህን ያድናል፣ ያንን ያጠፋል» የሚል ተስፋ ጭማሪ ላይ አልጥልም። የምጨምረው ለስሜቱ፣ ለቀለሙና ለጠረኑ ነው። በዚያ ደስ ይለኛል፣ በቂም ነው።

በጣም የምወደው የአጃ ዱቄት ነው። ለአንድ ኪሎ ስብ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ እንደ ዱቄት የላመ። ካልላመ ይቧጭራል። ሁለተኛው ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ በትንሽ ውሃ ቀድሞ የተበጠበጠ። ደረቁን ከጣላችሁት ይጓጉላል። እርድ ሞቅ ያለ ቢጫ ይሰጣል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ፀሐይ ካገኘው ግን ይደበዝዛል። የተፈላ ቡና ዝቃጭ ለእጅ ሳሙና ግሩም ነው፤ ነዳጅና ቅባት የነካው እጅ ያጸዳል። ለፊት ግን ሻካራ ነው።

አበባና ቅጠል ላይ ተጠንቀቁ። የላቬንደር ፍሬ ቡናማ ይሆናል፣ ሮዝመሪ የምንለው የጥብስ ቅጠልም እንዲሁ። የጽጌረዳ ቅጠልም ይጠቁራል። ኮስቲክ ሶዳው ነው የሚያደርገው። ቀለሙን የሚጠብቅ ያገኘሁት የካለንዱላ አበባ ቅጠል ብቻ ነው። ቀይ ሥርም ቀይ ሆኖ አይቀርም፤ ቡናማ ይሆናል። ትኩስ ፍራፍሬና ቅጠል በቁራጭ አትጨምሩ፣ ውስጥ ሆኖ ይሻግታል።

ሎሚ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የሎሚ ጭማቂ አሲድ ነው። አሲዱ ከስቡ ቀድሞ ኮስቲክ ሶዳውን ይበላዋል። 10 ግራም ሲትሪክ አሲድ ብቻ 6 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ይወስዳል። ያን ጊዜ 5 በመቶ ብላችሁ የተዋችሁት ስብ በአንዴ ይጨምርና ሳሙናው የሚልሞሰሞስና የሚቀባ ይሆናል። የሎሚ መዓዛ ከፈለጋችሁ ጠጅ ሳር ዘይት ይሻላል፣ መዓዛውም ከሎሚ ዘይት ይልቅ ይቆያል።

ለጠረን ከተክል የወጣ ዘይት፣ ኢሴንሻል ኦይል የሚሉት፣ ከስቡ ክብደት 3 በመቶ አይለፍ። በእኛ መጠን 30 ግራም ማለት ነው። እኔ የላቬንደር 20 ግራም ነው የማደርገው። ቅርንፉድና ቀረፋ ዘይት አልነካም። ቆዳ ያስቆጣሉ፣ ድብልቁንም ድስት ውስጥ እያለ በአንዴ ያደርቁታል።

ማርን ለመጨረሻ የተውኩት የማልረሳው ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ ከበዛ ይሻላል ብዬ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማር ጨመርኩ። አፈሰስኩት፣ እንዳይበርድ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣፋጭ የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ሳሙናው ከመሃል ተሰንጥቆ እንደ ዳቦ አብጧል፣ ቡናማ ፈሳሽ በጎኑ ይወርዳል። ስኳር ድብልቁን ያግለዋል። ማር፣ ስኳርና ወተት ሁሉም እንዲሁ ናቸው። አሁን ለአንድ ኪሎ ስብ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር ብቻ፣ በእኩል ውሃ አሟሙቼ። ከዚያ ሳልጠቀልል ቀዝቀዝ ያለ ቦታ። በዚህ መጠን አረፋውም ይበዛል። ወተት ከሆነ የምትጠቀሙት በውሃው ፋንታ በረዶ አድርጋችሁት ነው። ኮስቲክ ሶዳውን በትንሽ በትንሹ በረዶው ላይ ነስንሱ። አለበለዚያ ወተቱ ይቃጠልና ብርቱካንማ ይሆናል፣ ክፉ ሽታም ያመጣል።

ማፍሰስ፣ መቁረጥ፣ ማቆየት

ቅርጽ ማውጫው ብራና ወረቀት የለበሰ የእንጨት ሳጥን፣ የሲሊኮን ዕቃ ወይም ወፍራም ካርቶን ሊሆን ይችላል። የእኔ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን ነው፤ ይህ መጠን ልክ ይሞላዋል። አፍስሳችሁ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስቴ ጠፍ ጠፍ አድርጉት፣ አየሩ ይውጣ። ማርና ወተት ከሌለበት በፎጣ ሸፍኑት። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብታዩት መሃሉ እንደ ጄሊ ብርሃን ሊያሳልፍ ይችላል። አትደንግጡ፣ በራሱ ሙቀት ነው። ሲበርድ ወደ ነጭ ይመለሳል።

ሳታጥቡ የተዋችሁት ድስት ላይ ያለው ቅሪት ገና ጥሬ ነው፤ ጓንቱን አታውልቁ። በወረቀት ጠርጋችሁ ወረቀቱን ጣሉ። ስቡን ወደ ቧንቧ አትላኩ፣ ሄዶ ይረጋል።

የሞራ ሳሙና ቶሎ ይጠነክራል። እኔ በ24 ሰዓት ውስጥ እቆርጠዋለሁ። ሁለት ቀን ከዘገየሁ ጫፉ መሰባበር ይጀምራል። በጣት ሲጫኑት እንደ አይብ ጠንከር ያለ ከሆነ ጊዜው ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ አሥር ሳሙና። አሁንም ጓንት።

ከዚያ 4 እስከ 6 ሳምንት። ሁሉም የሚያማርረው እዚህ ጋ ነው። ሳሙናነቱ በጥቂት ቀን ውስጥ አልቋል፣ ታዲያ ምን እንጠብቃለን? ውሃው እንዲወጣ ነው። እርጥብ ሳሙና ሲታጠቡበት ቶሎ ይሟሟል፣ አረፋውም ደካማ ነው። በሠራሁ ቁጥር አንዱን ሳሙና ምልክት አድርጌ እመዝነዋለሁ። ከደብተሬ የአንዱን ልገልብጥላችሁ። የተቆረጠ ቀን 140 ግራም። በ2ኛው ሳምንት 130። በ4ኛው 125። በ6ኛው 123፣ በ7ኛውም 123። መቀነሱን ሲያቆም ደረሰ ማለት ነው። የቀን መቁጠሪያ ከሚነግራችሁ ይልቅ ሚዛኑን ስሙት። የአየሩ እርጥበት በየቤቱ ይለያያልና።

ሳሙናዎቹ እርስ በርስ ሳይነካኩ፣ ንፋስ በሚያገኙበት፣ ፀሐይ በማያርፍበት ቦታ ይደርደሩ። ብረት ላይ አታስቀምጡ። በየሳምንቱ አገላብጡ።

ለመታጠብ ከመጠቀማችሁ በፊት ፈትኑት። ጣታችሁን አርጥባችሁ ሳሙናውን እሹት፣ ከዚያ ጣቱን ምላስ ጫፍ አስነኩት። የሳሙና ጣዕም ብቻ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ባትሪ ጫፍ ነዘር ካደረገ ኮስቲክ ሶዳ ተርፎበታል፤ አፋችሁን ተጉመጥሙጡና ሳሙናውን ለገላ አትጠቀሙ። አሲድነትን የሚለካ የፒኤች ወረቀት ካላችሁ 9 እና 10 መካከል ማሳየቱ ጤነኛ ነው። እውነተኛ ሳሙና 7 አይሆንም።

ላዩ ላይ ስስ ነጭ አቧራ ቢወጣ የአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነካው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ተፋቆ ወይም በእንፋሎት ታጥቦ ይሄዳል፣ አይጎዳም። ከወራት በኋላ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ብቅ ካለና የቆየ ዘይት ከሸተተ ግን ስቡ ተበላሽቷል። ብዙ ጊዜ መነሻው ያረጀ ዘይት ወይም በደንብ ያልነጠረ ሞራ ነው። ላዩ ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ከቀረ ደግሞ ቶሎ አፍስሳችሁታል ማለት ነው።

ሲደርስ መታጠቢያው ጋ የምታስቀምጡበት ዕቃ ሥሩ ቀዳዳ ያለው ይሁን። የሞራ ሳሙና ጠንካራ ነው፣ ግን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ከዋለ ሥሩ ይላሽቃል። ውሃው ተንጠባጥቦ ወርዶ በመሃል ከደረቀ፣ አንዱ ሳሙና ለእኔና ለእህቴ አንድ ወር ይሄዳል።